መዥገርን በእሳት ወይስ በወረንጦ?

   

የዛሬው ርእሳችን መዥገር ነው። አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ መዥገር ምን ወሬ አለው?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ በመስቃን ምድር ላም የታሰረችበት ቤት ሁሉ መዥገርን ያውቀዋል። ከብቱ ከግጦሽ ሲገባ እናት ከላሟ ጡት፣ አባት ከበሬው ጆሮ ሥር እየለቀሙ ይጥሉታል። ነገር ግን አብሮን የኖረን ነገር ሁሉ በደንብ እናውቀዋለን ማለት አይደለም። መዥገር ሰው ላይ ተጣብቆ ሲገኝ በየቤታችን የሚወሰዱት እርምጃዎች፣ ማለትም ክብሪት ለኩሶ ማስጠጋት፣ ላምባ ማፍሰስ፣ ቅቤ መቀባት፣ በጥፍር ቆንጥጦ መንጨት፣ ጉዳቱን የሚያባብሱ እንጂ የሚያቀሉ አይደሉም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መዥገሩ ከወደቀ በኋላ ነገሩ ፈጽሞ መረሳቱ ነው። ከሳምንት በኋላ ልጁ በትኩሳት ሲነድ ያንን መዥገር የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን። መዥገር ምን እንደሚያስተላልፍ፣ ከሰውና ከእንስሳ ላይ እንዴት እንደሚነቀል፣ ከተነቀለ በኋላም ምን መደረግ እንዳለበት።

ወቅቱን እናስተውል

የመስቃን ገበሬ ኑሮው በእንሰት ነው፤ እንሰት ደግሞ ያለ ፍግ አይሆንም። በመሆኑም መሬቱ ጠባብ የሆነው ሳይቀር አንድ ሁለት ከብት ያስራል። በብዙ ቤቶች ከብቱ ሌሊት የሚያድረው ሰው ባለበት ጣሪያ ሥር ወይም ከግድግዳው ቀጥሎ ባለው ጋጣ ነው። ይህ ለእንሰቱ በረከት ነው፤ መዥገሩንም ግን ወደ መኝታችን ያቀርበዋል።

ሁለተኛው ነገር ዐረፋ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ንግድ ላይ ያሉ ልጆቻችን ዐረፋን ጠብቀው ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አገር ቤት ይገባሉ። ዒዱል አድሓ በ2016 ዓ.ል ሰኔ 9 ቀን፣ በ2017 ዓ.ል ግንቦት 29 ቀን ነበር የዋለው። የሒጅራው አቆጣጠር በየዓመቱ ወደ ፊት እየቀደመ የሚሄድ ቢሆንም፣ በእነዚህ ዓመታት በዓሉ ዝናቡ በሚበረታበትና ሣሩ በሚያድግበት ጊዜ አካባቢ እየዋለ ነው። ሙሉ ዕድሜ ላይ የደረሰው ባለ ቀለም ትልቁ መዥገር በከብት ላይ የሚበዛውም በዝናብ ወራት ነው። በከተማ ያደገ ልጅ ሣር ላይ ይንከባለላል፣ በጉን ያቅፋል፣ ጥጃውን ያሻሻል፤ ደስ ይለዋልም። በዓሉ አልፎ ወደ ከተማ ከተመለሰ በኋላ ግን ትኩሳት ቢይዘው፣ የሚመረምረው ሐኪም አገር ቤት መክረሙን ካልሰማ በየት በኩል ያስበዋል?

መዥገር ምን ዓይነት ፍጡር ነው?

መዥገር ከሸረሪትና ከጊንጥ ጋር የሚዛመድ ፍጡር ነው። ሲያድግ ስምንት እግር አለው፤ ገና ከእንቁላል ሲወጣ ግን እግሩ ስድስት ነው። በዚህን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም ስለማይበልጥ ዓይን ይስተዋል። መዥገር አይዘልም፣ አይበርም። ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ይጠብቃል ወይም መሬት ለመሬት እየሄደ የእንስሳውን ትንፋሽና ሙቀት ተከትሎ ይደርስበታል።

ከያዘ በኋላ አፉን ቆዳ ውስጥ ያስገባል። አፉ እንደ መጋዝ ወደ ኋላ የተቀለበሱ ጥርሶች አሉት። ብዙዎቹ ዝርያዎች በዚህ ላይ እንደ ሙጫ የሚደርቅ ፈሳሽ ያወጣሉ። ምራቁ ቦታውን ስለሚያደነዝዘው የተነከሰው ሰው ብዙ ጊዜ አይሰማውም። ሴቷ ለቀናት ስትመጥ ቆይታ ከጠገበች በኋላ እንደ ባቄላ ፍሬ አብጣ ራሷ ትወድቃለች፤ መሬት ላይም በሺህ የሚቆጠሩ እንቁላሎች ጥላ ትሞታለች። ስለዚህ የጠገበች መዥገር ከላም ላይ ነቅሎ ደጃፍ ላይ መወርወር መዥገርን መቀነስ ሳይሆን በግቢ ውስጥ መዝራት ነው።

በአገራችን ከብት ላይ ከሚገኙት መካከል ሦስቱን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው ጀርባው በቀለም የተዥጎረጎረ፣ እግሮቹ ነጭ ቀለበት ያላቸው ትልቁ መዥገር ነው፤ ሊቃውንቱ አምብሊዮማ ቫሪጌተም ይሉታል። አፉ ረጅም ስለሆነ ቁስሉ ጥልቅ ነው። ሁለተኛው ቡፊለስ በሚል ስም የታወቀው፣ ሲጠግብ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ትንሽ መዥገር ነው። ሦስተኛው የውሻ መዥገር የሚባለው ቡናማው ዓይነት ሲሆን፣ ይህ በቤት ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ሳይቀር ይራባል።

የሚያስተላልፈው በሽታ

መዥገር ስለሚያመጣው ትኩሳት አገራችን በዓለም የሳይንስ መዝገብ ላይ የቆየ ስም አላት። በ1973 እ.ኤ.አ. ዊሊ ቡርግዶርፈር የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ መዥገሮችን መርምረው ውጤቱን በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ፍለጋቸው ተስቦን የሚያመጣው ተሕዋስ በመዥገር ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ለማጣራት ነበር። ያገኙት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በመዥገሮቹ ውስጥ ሪኬትሲያ ከተባሉት፣ ሽፍታ ያለው ትኩሳት ከሚያመጡት ወገን የሆኑ ረቂቅ ተሕዋስያን ነበሩ። ከእነዚህ ወገን የሆነውና በአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳትን የሚያመጣው ተሕዋስ በ1996 እ.ኤ.አ. ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚል ስም ተሰጠው። ዋነኛ ተሸካሚዎቹ ቀደም ብለን የጠቀስነው ባለ ቀለም መዥገርና የእርሱ ዘመዶች ናቸው።

የዚህ በሽታ ምልክቶች የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ከንክሻው በኋላ ከአምስት እስከ አሥር ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የጡንቻና የአንገት ሕመም፣ በብብት ወይም በብሽሽት የዕጢ ማበጥ ይኖራል። ትልቁ መለያው የተነከሰው ቦታ ላይ የሚታየው ጥቁር ቅርፊት ነው፤ እሳት የነካው ይመስላል፣ ዙሪያው ይቀላል። ከአንድ በላይም ሊሆን ይችላል። በአንዳንዱ ሰው ላይ ሽፍታ ይወጣል። በሽታው በአብዛኛው የሚገድል አይደለም፤ ተገቢው መድኃኒት ሲታዘዝ ቶሎ ይሻላል። ችግሩ ያለው በማወቁ ላይ ነው። በአካባቢያችን ትኩሳት ሲመጣ ሁላችንም መጀመሪያ የምናስበው ወባን፣ ቀጥሎ ታይፎይድን ነው። ቤተሰቡ ስለ መዥገሩ ካልተናገረ፣ ባለሙያውም በልብስ የተሸፈነውን ጥቁር ቅርፊት ካላየ፣ ልጁ የማይመለከተውን መድኃኒት ሲወስድ ሊከርም ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ መምታታት እናጥራ። ሽማግሌዎቻችን በክፉ የሚያስታውሱት ተስቦ እና ግርሻ በአገራችን የሚዛመቱት በልብስ ቅማል እንጂ በመዥገር አይደለም። መከላከያውም የተለየ ነው።

በውጭ አገር፣ በተለይ በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ላይም ይባል ስለሚባለው በሽታ ይነግሩን ይሆናል። የዚያን በሽታ ተሕዋስ ያገኙትም እኚሁ ቡርግዶርፈር ናቸው፤ በስማቸውም ተሰይሟል። እዚያ ለሕዝቡ የሚሰጠው ትምህርት መዥገሩ በአንድ ቀን ውስጥ ከተነቀለ ላይም የመተላለፉ ዕድል አነስተኛ ነው የሚል ነው። ይህንን ሰምተን «እስከ ነገ ይቆያል» ማለት ግን አይገባንም። ሪኬትሲያዎች ያን ያህል ጊዜ ላይጠብቁ ይችላሉና መዥገር በታየበት ሰዓት መነቀል አለበት።

እሳት፣ ላምባ እና ቅቤ ለምን አይሆኑም?

ክብሪት የሚለኩሰው ሰው ሐሳቡ መዥገሩ ሲሞቀው ራሱ ይለቃል የሚል ነው። ነገር ግን አፉ በሙጫ ተጣብቆ ቆዳ ውስጥ ስለገባ እንደፈለገ ቶሎ ሊወጣ አይችልም። ሲሠቃይ የሚያደርገው ነገር ምራቁንና በሆዱ ያለውን ወደ ቁስሉ ማስመለስ ነው። እኛ የምንፈራው ተሕዋስ ደግሞ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። በዚህ ላይ የልጁ ቆዳ ይቃጠላል፤ በፀጉር አካባቢ ከሆነም አደጋው የባሰ ነው።

ቅቤ፣ ቫዝሊን ወይም ዘይት የሚቀባው ሰው ደግሞ ትንፋሹን አሳጥሮ ለማስለቀቅ ነው። መዥገር ግን እንደ እኛ ቶሎ ቶሎ አይተነፍስም፤ በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢተነፍስ ይበቃዋል። እስኪታፈን ድረስ ብዙ ሰዓታት ያልፋሉ፣ እነዚያን ሰዓታት ሁሉ ምራቁን ሲተፋ ይቆያል። በላዩም ላይ ቅቤው ስለሚያንሸራትት ኋላ ለመያዝ ያስቸግራል። ላምባም እንዲሁ ነው፤ የሕፃን ቆዳን ይልጣል፣ እሳት ባለበት ጓዳ ደግሞ ሌላ አደጋ ይጠራል።

የእሳቱ ነገር ከጤናው ባሻገር በዲናችንም የሚታይ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የጉንዳን ጎሬ ተቃጥሎ ባዩ ጊዜ በእሳት መቅጣት ለእሳት ጌታ ብቻ የተተወ መሆኑን ማስተማራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። የሚጎዳንን ተባይ መግደል የተፈቀደ ሆኖ ሳለ ከነሕይወቱ ምድጃ ውስጥ መወርወር አይገባንም። የተሻለ መንገድ እያለ ደግሞ ወደዚያ የሚያስኬደን ነገር የለም።

ትክክለኛው አነቃቀል

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በየቤታችን ያለው ነው። እሾህ የምናወጣበት ወረንጦ! ጫፉ ቀጭን የሆነና ሁለቱ ጫፎች በደንብ የሚገጥሙ ይሁን። አስቀድሞ በሳሙና ማጠብ፣ ከተቻለ በአልኮል መጥረግ ያስፈልጋል።

አንደኛ፦ ልጁን ብርሃን ባለበት ቦታ አስቀምጡት፤ አረጋጉት። ፀጉር ካለ ግራና ቀኝ ክፈሉት።

ሁለተኛ፦ በወረንጦው መዥገሩን ሆዱን ሳይሆን ከአፉ በኩል፣ ቆዳውን እስክትነኩ ድረስ ዝቅ ብላችሁ ያዙት። ያበጠውን ሆድ መጭመቅ በውስጡ ያለውን ወደ ሰውነት መግፋት ነው።

ሦስተኛ፦ ሳትነጩ፣ ሳትጠመዝዙ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ በእኩል ኃይል ሳቡ። ቆዳው ትንሽ ይነሣል፤ አትደንግጡ፣ እንደሳባችሁ ጠብቁ። ጥቂት ቆይቶ ይለቃል።

አራተኛ፦ ወረንጦ ከሌለ ጣታችሁን በንጹሕ ጨርቅ ወይም በፌስታል ሸፍናችሁ በተመሳሳይ ሁኔታ ከቆዳው አስጠግታችሁ ያዙና ሳቡ። በባዶ ጣትና በጥፍር ግን አይሁን።

አምስተኛ፦ የአፉ ጫፍ ቆዳ ውስጥ ቢቀር በቀላሉ በወረንጦ ከወጣ አውጡት። ካልወጣ ተዉት፤ በመርፌም ሆነ በምላጭ አትቆፍሩት። ቆዳው ሲድን ራሱ ያስወጣዋል። የባለ ቀለሙ መዥገር አፍ ረጅም በመሆኑ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። ቦታው እየቀላ፣ እያበጠ ወይም መግል እየያዘ ከመጣ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ስድስተኛ፦ ቁስሉንና እጃችሁን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ አልኮል ካለ ቁስሉን ጥረጉበት። እበት፣ አመድ ወይም የቡና ዱቄት በፍጹም አታድርጉበት። በእነዚህ መንገድ መንጋጋ ቆልፍ የተባለው አደገኛ በሽታ ሊገባ ይችላል።

መዥገሩ ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ወይም ዓይን ሽፋሽፍት ሥር ከሆነ በቤት አትሞክሩ። ክብሪት እንጨት ወደ ጆሮ መክተት ታምቡሩን ሊቀድ ይችላልና ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

የተነቀለውን መዥገር በጣት ወይም በጥፍር አታፍርጡት። በደሙና በፈሳሹ ውስጥ ያለው ተሕዋስ በእጅ ጭረት ሊገባ ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. በኢራቅ የክራይሚያ ኮንጎ ደም መፍሰስ ትኩሳት ከ200 በላይ ሰዎችን እንደያዘ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቆ ነበር። ይህ በሽታ ሰውን የሚይዘው በመዥገር ንክሻ፣ መዥገርን በእጅ በማፍረጥ እንዲሁም በታረደ እንስሳ ደም በኩል ስለሆነ በይበልጥ የሚያጠቃው ከብት አርቢዎችንና አራጆችን ነው። አስተላላፊው ሃያሎማ የተባለው መዥገር በአገራችን ቆላማ ቦታዎችም ይገኛል። ስለዚህ መዥገሩን አልኮል ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ መጣል ወይም በፕላስተር አጥብቆ ጠቅልሎ ሽንት ቤት መጨመር በቂ ነው።

አንዳንድ ወንድምና እህቶች ከዚህ ጋር በተያያዘ ስለ ሶላት ይጠይቁናል። በሻፊዒይ መዝሀብ ከቁስል የሚወጣ ደም ዉዱእን አያፈርስም፤ በልብስ ላይ የነካ ጥቂት የተባይ ደምም ይቅር የተባለ ነው። ስለዚህ ሶላት እንዳይቀርብን ብለን ጉዳዩን ለማታ ማሳደር አያስፈልግም።

ቀኑን መያዝ

መዥገሩን መንቀል ግማሹ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ቀኑን መያዝ ነው። የተነቀለበትን ቀንና የሰውነት ክፍሉን ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ወይም በሞባይል ላይ ጻፉት። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ተከታተሉ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ሽፍታ፣ የዕጢ ማበጥ ወይም ጥቁር ቅርፊት ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ለባለሙያው የምትነግሩት ቃል አጭር ነው። «በዚህ ቀን፣ እዚህ ቦታ ላይ መዥገር ተነቅሎለታል።» ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር የምርመራውን አቅጣጫ ልትለውጥ ትችላለች። ከዐረፋ በኋላ ወደ ከተማ የተመለሱ ቤተሰቦችም አገር ቤት መክረማቸውን ለሐኪማቸው መንገር አይርሱ።

ለዚህ በሽታ ሐኪሞች በአብዛኛው የሚያዙት ዶክሲሳይክሊን የተባለውን መድኃኒት ነው። ሆኖም ስሙን ሰማን ብለን ከመድኃኒት ቤት ገዝተን እንዳንውጥ፤ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት የሚወስነው ሐኪም ብቻ ነው። የወባ ምርመራም አይቅር፤ መዥገር የነከሰው ሰው ወባ አይዘውም የሚል ሕግ የለምና።

ከብቶቻችን፣ በጎቻችን እና ውሻው

እንስሳት በእጃችን ያሉ አማናዎች ናቸው። ኢማም ማሊክ በሙወጦእ ኪታባቸው እንደዘገቡት፣ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ሱቅያ በተባለች ቦታ፣ በኢሕራም ላይ ሆነው ሳለ ከግመላቸው ላይ መዥገር ሲያነሱ ታይተዋል። ልጃቸው ዐብደላህ (ረ.ዐ.) ደግሞ ሙሕሪም የሆነ ሰው ይህን ማድረጉን ይጠሉ ነበር፤ ኢማም ማሊክም የመረጡት የልጁን ሐሳብ ነው። ልዩነታቸው በኢሕራም ላይ ስላለ ሰው ነው እንጂ እንስሳን ከመዥገር ማሳረፍ መልካም ስለመሆኑ አይደለም። የሙእሚኖች መሪ የነበሩት ሰው ይህን ሥራ አልናቁትም፤ እኛም ለእረኛ ልጅ ብቻ ልንተወው አይገባም።

መዥገር ከብት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ነው። ባለ ቀለሙ መዥገር ላም ጡት ላይ ሲጣበቅ ጫፉ ይቆስላል፣ መግል ይይዛል፣ አንዳንዴም ጡቱ ጨርሶ ይደፈናል። ያቺ ላም ከዚያ በኋላ በሦስት ጡት ነው የምትታለበው። ይኸው መዥገር በግ፣ ፍየልና ከብት በድንገት የሚገድል የልብ ውሃ የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ሰማያዊው ደግሞ ሽንትን የሚያቀላ የደም በሽታ ያመጣል። ቆዳውም ተበሳስቶ በገበያ ዋጋ ያጣል።

መዥገሩ ጥቂት ከሆነ ከጥጃ፣ ከበግ፣ ከድመትም ሆነ ከውሻ ላይ የሚነቀለው ከላይ በተናገርነው መንገድ ነው፤ ለእንስሳ ሌላ ለሰው ሌላ ዘዴ የለም። ጆሮ ውስጥ፣ ጅራት ሥር፣ ጡትና ብሽሽት፣ በጣቶችና በሰኮና መካከል ፈትሹ። አንድ ሰው ይያዝ፣ ሌላው ይንቀል። እንስሳውም ስለሚሰማው በዝግታ ይሁን።

የውሻ ነገር በሙስሊም ቤት ዘንድ ይረሳል። ግቢና ከብት የሚጠብቅ ውሻ ማሳደር የተፈቀደ ሆኖ ሳለ፣ ነጃሳን በመፍራት ማንም አይነካውም። በዚህ ምክንያት የግቢው መዥገር ሁሉ ማደሪያው እርሱ ይሆናል፤ ልጆች ደግሞ ሳናይ ያሻሹታል። መፍትሔው ቀላል ነው። እጃችሁን በጓንት ወይም በወፍራም ፌስታል ሸፍኑ፣ ለውሻው የተለየ ወረንጦ ይኑር፣ ሲጨርሱ መታጠብ ነው። ማደሪያውን ከቤት ራቅ ማድረግና ስንጥቆቹን በጭቃ መድፈንም የውሻውን መዥገር ይቀንሰዋል።

መድኃኒት ሲረጭ

መዥገሩ ከብዛቱ የተነሣ በእጅ የማይለቀም ከሆነ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማማከር ግዴታ ነው። ለከብት የሚረጨው ዲያዚኖን መርዝ ነው። ማላብ፣ ለሃጭ መብዛት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን መጥበብና መንቀጥቀጥ የመመረዝ ምልክቶች ናቸውና ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል። ይህን መድኃኒት ወይም ሌላ የተባይ መርዝ በልጅ ፀጉርና በሰው ገላ ላይ ማድረግ ነፍስን ለአደጋ መስጠት ነው። አሚትራዝ የተባለው ለፈረስ፣ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ለድመት አደገኛ ናቸው። መጠኑን ማሳነስም ጥቅም የለውም፤ ደካማውን ገድሎ መድኃኒቱን የሚቋቋመውን መዥገር ያስቀርልናል። ባዶ ጠርሙሱን ለዘይት ወይም ለወተት መጠቀም በፍጹም አይገባም።

አይቨርሜክቲን በመርፌ የተወጋ እንስሳም መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ድረስ ለሳምንታት አይታረድም፤ ወተቱም የራሱ የመቆያ ጊዜ አለው። ስለዚህ ለኡድሒያ በግ ወይም በሬ ስንገዛ ስለ ዕድሜውና ስለ ጤንነቱ እንደምንጠይቅ ሁሉ «መድኃኒት መቼ ተወጋ?» ብለን እንጠይቅ። ሻጭም እውነቱን መናገር አለበት፤ የሸቀጥን ነውር መደበቅ በዲናችን ክልክል ነው። ለዐረፋ ብላችሁ የራሳችሁን ሰንጋ የምታደልቡም ከሆነ መድኃኒቱን ቀድማችሁ አስጨርሱ። በዕለቱም ቆዳውን የሚገፍፈው ሰው ጓንት ያድርግ፤ መዥገሮቹ ከታረደው እንስሳ ወደ ሰው ይሸጋገራሉና ቆዳው በመኝታ ክፍል አይደር።

ማታ ማታ መፈተሽ

ከሁሉ የሚቀድመው መከላከል ነው። ወደ ግጦሽ የሚሄድ ልጅ ረጅም ሱሪ ለብሶ ጫፉን ካልሲው ውስጥ ያስገባ። ሣር ላይ ስትቀመጡ ነጠላ ወይም ሰሌን አንጥፉ። ማታ ልብሱን አራግፉ፤ በሙቅ ውሃ እጠቡ ወይም ስፌቱን በካውያ ተኩሱ። ጋጣውን በየቀኑ ጥረጉ። የግቢውን ሣር አሳጥሩ። ከከብቱ ጋር የሚውሉ ዶሮዎች መዥገር ለቅመው ስለሚበሉ ሥራ ያቀሉላችኋል።

ፍተሻው ደግሞ በየቀኑ የምናደርገውን ትጥበት ተከትሎ ሊሆን ይችላል። ለዉዱእ ጆሮን ስናብስ፣ በእግር ጣቶች መካከል ስንፈለፍል እጃችን የሚያርፈው መዥገር በሚወድደው ቦታ ላይ ነው። በዚያው ከጆሮ ጀርባ፣ ማጅራት፣ ብብት፣ ወገብ፣ ብሽሽትና ከጉልበት ጀርባ ያለውን እንጨምር። ትንንሾቹን እናት ትፈትሽ። ሴቶች ልጆች ፀጉራቸው በሒጃብ ስለሚሸፈን ማታ ሲፈቱት ማጅራታቸውን ማየት አይዘንጋ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችንና አንባቢዎቻችን! ከዛሬው ዝግጅታችን ሌላው ሁሉ ቢረሳ ሦስት ነገር ይያዝልን። በእሳትና በቅቤ ሳይሆን በወረንጦ፤ ሆዱን ሳይሆን ከቆዳው አስጠግቶ፤ ከዚያም ቀኑን ጽፎ መከታተል። ወረንጦው ከዛሬ ጀምሮ የሚታወቅ ቦታ ይኑረው፤ ከመጋረጃ ጀርባም ሆነ ከመደርደሪያ ላይ፣ ልጅም አዋቂም ሲፈልገው የሚያገኘው ይሁን። ይህን የሰማ ላልሰማው ጎረቤቱ ያድርስ፤ እረኛ ልጆች ላሏቸው ቤቶች ደግሞ በተለይ ይነገር።

አላህ ልጆቻችንን፣ ከብቶቻችንን፣ አዝመራችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።